ሙግቱ እስኪቋጭ

የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ «ይቺማ የእነዚያ ናት» ብላችሁ ታልፏታላችሁ። ባቡር ያላት፣ መስታወት የበዛባት፣ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት። ይህ ይበቃል።

በምሥራቅ በኩል ባለው ሰፈሯ፣ ጎረቤቶቻቸው «ባለበርጩማዎች» የሚሏቸው ሰዎች ይኖሩ ነበር። አባቶቻቸው ከአገር አገር ሲባረሩ የኖሩ ናቸው። በመጀመሪያው መባረር አልጋቸውን ተዉ፤ በሁለተኛው ቁምሳጥናቸውን። በመጨረሻ በብብት ይዘውት ሊሮጡ የሚችሉት ዕቃ ብቻ ቀረላቸው፤ አንድ መጽሐፍና አንድ በርጩማ። ዛሬ በዚህች ከተማ የሚያባርራቸው የለም። ሆኖም ከሁለቱ ዕቃዎች ሌላ ክቡር ነገር አያውቁም፣ በር ሲንኳኳም መጀመሪያ የሚያዩት በርጩማው የት እንዳለ ነው።

በርጩማ ያለው ሰው ያገባል፣ ይዳኛል፣ ይቀበራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያለቅሳል። «ቆሞ ያለቀሰ አላለቀሰም» ይላል ሕጋቸው። አባቱ የሞተበት ልጅ ሳምንቱን በበርጩማው ላይ ተቀምጦ ካላለቀሰ፣ ሟቹ ወራሽ እንዳልነበረው ይቆጠራል፤ ስሙም በሰንበት ከሚጠሩት ሙታን መካከል አይጠራም።

ልጆቻቸው የራሳቸውን በርጩማ የሚቀበሉት ኮሌጅ ሊጨርሱ ሲቃረቡ፣ የመቀመጫ ቀን በሚሉት በዓል ነው። እስከዚያ በተውሶ በርጩማ ይማራሉ። በተውሶ በርጩማ ግን አይለቀስም።

*

የሙግት ቤት የሚሉት ሰፊ አዳራሽ አላቸው። እዚያ ማንም ብቻውን አይማርም። ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሟገታሉ። አንዱ አንዱን ከመንቀፉ በፊት የባላጋራውን ቃል ራሱ መናገር አለበት፤ ባላጋራውም «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» እስኪል ድረስ መልስ መስጠት አይፈቀድለትም። ከዚያ አያ ዮባብ የተባሉት ሽማግሌ ጣውላቸውን በዱላ ይመታሉ። ጣውላው ሲመታ ሁለቱ ተነሥተው በርጩማ ይለዋወጣሉ፤ ሲቃወሙት የቆዩትንም ወገን ይዘው ይሟገታሉ። ጣውላው መቼ እንደሚመታ የሚያውቁት ደግሞ አያ ዮባብ ብቻ ናቸው። ሹም አያዛቸውም፣ ሰዓትም አያዛቸውም።

ሌላም ሕግ አለ። በሙግት የተለወጠ በርጩማ፣ ሙግቱ እስኪቋጭ ድረስ የተቀመጠበት ሰው ንብረት ነው። ስለዚህ ሕግ ሲያስተምሩ የሁለት ሽማግሌዎችን ነገር ያነሣሉ። ሽማግሌዎቹ ስለ አንዲት ዶሮ ሲሟገቱ ሳይቋጩ በአንድ ክረምት ሞቱ፤ እያንዳንዱም ከባላጋራው በርጩማ ጋር ተቀበረ። መበለቶቻቸው እስከ ዛሬ መቃብር እየተሳሳቱ ያለቅሳሉ ይባላል።

የዶሮዋ ሙግት ዛሬም አለ። የጎረቤቴ ዶሮ የእኔን እንቁላል ታቅፋ ብታስፈለፍል ጫጩቱ የማን ነው? ሚልካና አሳፍ የተባሉ ሁለት ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በዚህች ዶሮ ላይ ጥንድ ሆነው ኖረዋል። ሚልካ የዶሮዋ ወገን ነበረች፤ አሳፍ የእንቁላሉ። ጣውላ ሲመታ ይለዋወጣሉ፣ ወደ ቤት ሲሄዱ ይመለሳሉ። እሷ «አንተ ባለእንቁላል» ትለዋለች። እሱ መልሶ እንደ ዶሮ ያስካካላታል።

*

ከባሕር ማዶ አንድ ኮረብታ አለ። የባለበርጩማዎች የጥንት አባቶች የተነሡት ከዚያ ነው፤ በየጸሎታቸው ወደዚያ ይዞራሉ። የእሳት ዓመት በሚሉት ዘመን የሌላ ከተማ ጎረቤቶቻቸው በርጩማዎቻቸውን ከነተቀመጡባቸው ሰዎች አቃጠሉ። ከእሳቱ የተረፉት «ከእንግዲህ የምንሮጠው ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው» አሉና ወደ ኮረብታው ሄደው ቤት ሠሩ።

በኮረብታው ጎን ላይ ግን እርከን ነበረ፤ በእርከኑም ላይ ሰዎች ነበሩ። ባለእርከኖች ይባላሉ። እነሱም ኮረብታው የእኛ ነው ይላሉ። በመመለሱ ዘመን ብዙዎቹ ተባረሩ፤ ከበራቸው ላይ መወርወሪያውን ነቅለው አንገታቸው ላይ አሰሩት፣ ልጆቻቸውም እስከ ዛሬ ያስሩታል። እንግዲህ አንዱ ሕዝብ በርጩማ ታቅፎ፣ አንዱ ሕዝብ መወርወሪያ አንጠልጥሎ፣ በአንድ ኮረብታ ላይ ይተያያል።

ባለበርጩማዎች በሰማይም በምድርም ባለ ነገር ሁሉ ይሟገታሉ። በኮረብታው ብቻ አይሟገቱም። ለኮረብታው ጉዳይ የተለዩ ሁለት በርጩማዎች አሉ፤ ጎን ለጎን፣ ፊታቸው ወደ ምሥራቁ ግድግዳ፣ እግራቸው ከወለሉ ጋር በምስማር የተመታ። ይህን የሚጠብቅ የምስማር ሹም ሾመዋል፤ አለቃ ጌርሳም ይባላል። ኪሱ በየመጠኑ በተደረደረ ምስማር የተሞላ የቆዳ ሽርጥ ይታጠቃል፤ መዶሻው ከእጁ አይለይም። ከበታቹ አንገት ተመልካቾች አሉ። ሥራቸው የተቀመጠው ሰው አንገቱን ወደ ጎን ማዞር አለማዞሩን ማየት ነው። ከእነሱ አንዱ የዞረ አንገት ለማየት አንገቱን ስላዞረ ከሥራ ተባርሯል።

በአለቃ ጌርሳም መሳቅ ቀላል ነው፤ የሳቁበትም ብዙ ናቸው። ግን እናቱ ከእሳት ዓመት የወጣችው ሁለት እግሩ የተቃጠለ በርጩማ ይዛ ነው። በርጩማው ዛሬም በቤቱ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። በኮረብታው ጉዳይ ለምን እንደማይሟገቱ ልጆች ሲጠይቁት አይቆጣም ነበር። «የእናቴን ቤት ያቃጠሉት ሰዎች መጀመሪያ ሙግት አላቀረቡም» ይላቸዋል።

*

በኮሌጁ በር ሌላ ሹመት ነበረ።

ንጹሐን የሚባሉ ተማሪዎች ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ይሰለፋሉ። የአይብ ነጋዴን ልጅ ስለማንም ኮረብታ አይጠይቁትም። የባለበርጩማ ልጅ ሲመጣ ግን «ስለ ኮረብታው ምን ትላለህ?» ይሉታል። ከዚያ የተውሶ በርጩማውን ገልብጦ፣ እግሩን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ «ኮረብታው የእነሱ ነው፤ በርጩማ ይዞ የሮጠ ማንም አልነበረም» እንዲል ይጠብቁታል። ያለ ይጨበጨብለታል። በማግሥቱ ደግሞ እንደገና ይገለብጣል፤ የትናንቱ መገልበጥ የትናንት ነውና። ያላለ ምሳውን ብቻውን ይበላል።

እናም የባለበርጩማ ልጆች ሐሳባቸውን እንዲህ አገኙት። ያነበብኩት መጽሐፍ ነው ያሳመነኝ የሚሉ ነበሩ፤ ያሳመናቸው ግን የምሳ ጠረጴዛ ነው። አንዷ አያቷ በእንቅልፏ የምትጮኸውን ጩኸት ይዛ መጣች፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም። አንዱ በርጩማውን የገለበጠው አባቱን ሊያናድድ ነው፤ አባቱ ሳይናደድ ሲቀር መልሶ አቀናው። ጥያቄው ሲነሣ ቁርስ አለብኝ ብሎ የሚሄድም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ቁርስ ላይ ነው። ጥቂቶች ግን በእውነት ያስቡ ነበር። የሚያስብ ሰው ደግሞ በኮሌጁም በር በሙግት ቤቱም በር እንደ ሰነፍ ይቆጠራል።

ሚልካ በርጩማዋን አልገለበጠችም። ምሳዋንም ብቻዋን አልበላችም፤ ናዲራ የምትባል የባለእርከን ልጅ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። አንገቷ ላይ የዛገ መወርወሪያ አለ። ሚልካ ገና ሳትጠየቅ መልስ መስጠት ጀመረች። ስለ እሳት ዓመት፣ ስለ ጸሎቱ፣ ስለ እርከኑም ስለምታዝነው ሐዘን ተናገረች። ናዲራ እስክትጨርስ ዳቦዋን ቆረሰች።

«ወገኔ ሁኚልኝ አላልኩሽም» አለቻት። «የበሩን ቀለም ጠይቂኝ።»

ሚልካ ጠየቀች። ሰማያዊ ነበር። የናዲራ አያት በየዓመቱ ከዝናብ በፊት ይቀቡት ነበር፤ አሁን በሌላ አገር፣ በሌላ ሰው በር ላይ ይቀባሉ። ባለቤቱ ሰማያዊ አይወድም። ሁለቱም ሳቁ።

*

አሳፍ በዚያ ክረምት ወደ ኮረብታው ሄዶ ነበር። የተቀበለው ኢታምር የሚባል የአጎቱ ልጅ ነው። በኢታምር ቤት አደረ፣ የኢታምርን ወይን ለቀመ፤ ሲመለስ ሸሚዙን መስኮቱ ላይ እንደተሰጣ ረሳው። «መጥተህ ትወስደዋለህ» ብሎ ላከበት ኢታምር። አሳፍ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሮጦ የማይወጣበት ቦታ አየሁ ይል ነበር።

በጸደይ በዓል ጠዋት ባለእርከኖች ኮረብታውን ወጡና በየቤቱ ገደሉ፣ ሰው ማርከው ወሰዱ። ኢታምር ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ አልተመለሰም። ከዚያ የኮረብታው ሰዎች በእርከኑ ላይ ድንጋይ ማንከባለል ጀመሩ፤ ከጸደይ እስከ ክረምት፣ ከክረምት እስከ ጸደይ። ከድንጋዩ ሥር የሚወጡት ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ።

ሚልካ አሳፍን ልታጽናና ሄደች። ማጽናናት ግን አልቻለችም። ስለ ኢታምር እያወራ ሳለ ስለ ሰማያዊው በር ነገረችው፤ በእርከኑም ላይ ልጆች እየሞቱ ነው አለችው። እውነቷን ነው። ቀኑ ግን ቀኑ አልነበረም፤ እሷም ይህን ያወቀችው ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«የበር ቀለም ምን ያደርግልኛል?» አላት አሳፍ። «ሸሚዜ እኮ እዚያ መስኮት ላይ ነው።»

ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። በሙግት ቤት ሌላ ጥንድ ተሰጣቸው። የዶሮዋ ነገር ባለበት ቆመ።

*

የሚልካ አባት ኤልቃና በርጩማ ጠራቢ ነበር። በዚያ ዓመት ሳንባው ታመመ፤ ከአልጋ ሳይወርድ የልጁን በርጩማ በጭኑ ላይ አድርጎ ይጠርባል። አልጋው በፍቅፋቂ ተሞላ። ሌላ ልጅ የለውም። ሁለቱም የሚያውቁትን አይናገሩትም፤ ይህን በርጩማ ካልተቀበለች እሱ በሰንበት አይጠራም።

የመቀመጫ ቀን ሲቃረብ ሚልካ ልቧን ነገረችው። በዚያ ቀን የሚባለውን ቃል ግማሹን እንጂ ሙሉውን ማለት እንደማትችል አስረዳችው። ኤልቃና በርጩማውን ገልብጦ እግሮቹን በጣቱ ነካካ።

«እኔ ጠራቢ ነኝ፣ ልጄ። ስለ ኮረብታው አለቃን ጠይቂ። ስለ በርጩማ ከሆነ ግን ልንገርሽ። ፊት ለፊቱ ሌላ በርጩማ የሌለው በርጩማ ማገዶ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ምን ልበል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ይልቅ ይህን እግሩን እዪው፤ እኩል ነው?»

እኩል ነበር።

*

በመቀመጫ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አለቃ ጌርሳም አዲስ ሽርጥ ታጥቋል። ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በምስማር በተመቱት በርጩማዎች ላይ ይቀመጣሉ፤ ግድግዳውን እያዩ ቃሉን ይላሉ፤ በርጩማቸውን ይቀበላሉ። ቃሉ አጭር ነው፤ «ኮረብታው የእኛ ነው፤ በእርከኑ ላይ ማንም አልነበረም።»

ተራ የሚደርሰው በጥንቱ ጥንድ ስለሆነ ሚልካና አሳፍ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አሳፍ ቃሉን አለ፤ በርጩማውን ተቀበለ። ሚልካ «ኮረብታው የእኛ ነው» አለችና ዝም አለች።

«ጨርሺው እንጂ» አለ አለቃ ጌርሳም።

«ጨርሻለሁ፣ አለቃ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። አንገት ተመልካቾች የት ማየት እንዳለባቸው ጠፋቸው፤ የሁሉም አንገት ዞሮ ነበርና። አሳፍ ፊቱ ቀልቶ ተነሣ፣ ልርታት ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። አለቃ ደስ አለው፤ ታማኝ ልጅ ተገኘ። ግድግዳውን እያየህ ርታት አለው።

«ፊቷን ሳላይ እንዴት እረታታለሁ?» አለ አሳፍ። «ማን እንዲህ አስተማረኝ?»

ማንም ሳይከለክለው አዲሱን በርጩማውን ወስዶ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ከሚልካ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሊያምፅ አልነበረም። ሊያሸንፍ ነበር። ለማሸነፍ ደግሞ ሌላ መንገድ አያውቅም።

ሕጉ የባላጋራን ቃል ማስቀደም ነውና ጀመረ። የናዲራ አያት በር ነበራቸው አለ፤ በሩ ሰማያዊ ነበር፤ ከዝናብ በፊት ይቀቡት ነበር። ማንም አልነበረም ካልን ቀለሙን የቀባው ማን ነው? እኛ የሮጥነውን ሩጫ የምናውቅ ሰዎች የሌላውን ሩጫ እንዴት አላየንም እንላለን? ይህን ሲናገር ድምፁ እየወረደ ሄደ። ያንን ቀን በቁጣ ውስጥ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷት ነበር።

«አዎ» አለች ሚልካ። «ያልኩት ይህን ነው።»

ይህን ጊዜ አያ ዮባብ ጣውላቸውን መቱ።

በኋላ ተጠይቀው ሳላስበው ነው ብለዋል። ዕድሜ ልክ «ያልኩት ይህን ነው» ሲባል ሰምቶ የመታ እጅ ነው። ሁለቱ ልጆችም ሳያስቡት ተነሡ፣ ተለዋወጡ። አሳፍ በተመታው በርጩማ፣ ሚልካ በአሳፍ አዲስ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አሁን የእሱን ቃል የምትናገረው እሷ ናት።

ኢታምር ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ነው አለች። በዓል ነበር። ኮረብታውን የወጡት ሰዎች የመጡት በር ሊያስመልሱ አልነበረም፤ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ሊገድሉ ነበር። አንድ ቦታ አለን ብለን ነበር፤ ከዚያም ቦታ እንድንሮጥ ፈለጉ። ስለ እርከኑ ሲነግሩኝ እሰማለሁ፤ ግን የሚነግሩኝ ሰዎች ስለ ኢታምር አንድ ጊዜም አልጠየቁኝም። ሸሚዜ እስከ አሁን መስኮቱ ላይ ነው፤ የሚያወርደው ሰው የለም።

አሳፍ እስከ መጨረሻው ሰማት። ከዚያ «አዎ፣ ያልኩት ይህን ነው» አለ፤ ፊቱንም በእጁ ሸፈነ።

አለቃ ጌርሳም በመዶሻው ግድግዳውን መታ። ሙግቱን አቁሙ፣ አዳራሹን ልቀቁ ብሎ አዘዘ። ለሚልካ የተጠረበውን በርጩማ በአንድ እግሩ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሰው ሁሉ እየተገፋ ወጣ፤ አሳፍም በርጩማውን በብብቱ ይዞ ወጣ።

ሙግቱ ቆመ እንጂ አልተቋጨም። በግርግሩ ይህን ያሰበ አልነበረም።

*

ኤልቃና ከበዓሉ በኋላ ብዙ አልቆየም። ሲሞት ሚልካ አጠገቡ ነበረች። በርጩማው እንደተሰቀለ ነግራው ነበርና «በየትኛው እግሩ?» ብሎ ጠይቋታል። በኋለኛው ስትለው ጠንካራው እሱ ነው ብሎ ተረጋጋ።

ወደ ልቅሶው ቤት ሰው በርጩማውን እየያዘ መጣ፣ ተቀመጠ። ሚልካ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። የሚያዝንላት ብዙ ነበር። ግን ሕግ ሕግ ነው፤ ዓይናቸውን ወደ ምድር አደረጉ። ሴቶቹ በሹክሹክታ ምስኪን ኤልቃና አሉ፤ ስንቱን በርጩማ ጠርቦ፣ ስሙን የሚያስጠራ አንድ በርጩማ አጣ።

አሳፍ ገባ። በርጩማውን ከፊቷ አስቀመጠው።

«ዕቃሽን ይዤልሽ መጣሁ» አላት።

«የምን ዕቃ?»

«በሙግት የተለወጠ በርጩማ ነው። ሙግቱ አልተቋጨም። በስህተት ይዤው ሄጄ ነው፤ ተቀመጪበት።»

ሰው ሁሉ የሁለቱን ሽማግሌዎች መቃብር አስታወሰ። ሚልካ በርጩማውን አየች፤ አሳፍን አየች። ከዚያ ተቀመጠች፣ በተቀመጠች ጊዜም ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። አሳፍ የእሱ ድርሻ የሆነው በርጩማ ከሙግት ቤት ወለል ጋር ተመትቶ ነበርና ቆመ። ሙግቱ እንዳይሞት ደግሞ ቆሞ ቀጠለ። በእርከኑ ላይ ሰዎች ነበሩ ብዬ አምኛለሁ አላት፤ ስለዚህ ኮረብታውን እንልቀቅ ግን አላልኩም። እኔም እንልቀቅ አላልኩም አለች እያለቀሰች፤ ድንጋዩ ይቁም ነው ያልኩት። ድንጋዩ ቆሞ እነሱ ቢወጡስ አላት። ልቅሶኞቹ እየሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጥቂቶቹ መልስ ለመስጠት ሲሉ በጎረቤት ተቆነጠጡ።

ወሬው አለቃ ጌርሳም ዘንድ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን መጣ። በአንድ እጁ መዶሻውን፣ በሌላው ኤልቃና የጠረበውን በርጩማ ይዟል።

«ሚልካ» አላት፣ በለዘበ ድምፅ። «ተረታሁ በይ። አንድ ቃል ናት። አባትሽ የጠረበልሽን በርጩማ አሁን እሰጥሻለሁ፤ በእሱ ላይ ታለቅሺለታለሽ።»

ሚልካ የበርጩማውን አራት እግሮች አየች። አባቷ በጣቱ የነካካቸው ናቸው። 

«አልተረታሁም፣ አለቃ።»

ወደ አሳፍ ዞረ። «አንተስ? አንተ ታማኝ ልጅ ነበርክ።»

«አሁንም ታማኝ ነኝ» አለ አሳፍ። «እኔም አልተረታሁም። እሷም አልተረታችም። ሕጉን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

አለቃ ጌርሳም ሞኝ አልነበረም። ጣውላው ቢመታ መለዋወጥ ግድ ነው፤ ቢለዋወጡ ሚልካ ትነሣለች፤ ቆማ ያለቀሰችውም አይቆጠርም። አያ ዮባብ በጥጉ ተቀምጠው ነበር፤ ጣውላቸው በጭናቸው ላይ፣ ዱላው በእጃቸው ነው።

«አያ ዮባብ» አለ አለቃ። «እንዲህ ተሟግተዋል፤ ምን ይጠብቃሉ? ይምቱ እንጂ።»

ሽማግሌው ዱላውን አነሡ።  ሚልካ የተቀመጠችበትን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨበጠች።

አያ ዮባብ በዱላው ጀርባቸውን አከኩበትና መልሰው አስቀመጡት።

«ምን ቸኮልክ፣ ልጄ ጌርሳም?» አሉ። «አሁን ገና መጀመራቸው ነው። የያዝከውን በርጩማ ለራስህ አድርገህ ቁጭ በልበት፤ ልቅሶ ቤት ነው።»